ከቀብሩ በኋላ የተነሱ ፎቶዎች

አባቴ ከሞተ ሰባት ዓመት ሆነው። ዘንድሮ ግን እናቴ መሞቱን ረሳችው። መካኒሳ ባለው ቤታችን ጠዋት ጠዋት ትነሳና፣ አብራት የምትኖረውን እህቴን «አባታችሁ የት ሄደ?» ትላታለች። እህቴ «ጌታ ጋ ሄዷል እኮ እማዬ» ስትላት፣ ገና ዛሬ እንደሰማች ሆና ታለቅሳለች። በየቀኑ መርዶ። በመጨረሻ እህቴ ደውላ «ከዚህ በላይ አልችልም፤ ከእንግዲህ አንተ ንገራት» አለችኝ።

ሐኪሟ «የድሮ ፎቶዎችን በተራ አሳዩዋት፤ በዓይኗ ስታይ ልትቀበለው ትችላለች» ብሎ መከረን። ላፕቶፕ ያለኝ እኔ ስለሆንኩ ሥራው ለእኔ ደረሰ። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። መርዶ መናገር እፈራለሁ፤ ማሽኑ ይናገርልኝ አልኩ።

ጎፋ ኮንዶሚኒየም ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ ከሦስት ሞባይል፣ ከአራት ፍላሽና ከአንድ አሮጌ ካሜራ አባቴ ያለበትን ሁሉ ለቅሜ ወደ አንድ የፎቶ ፕሮግራም ገለበጥኩ። ከዚያ ወዲያ ያየሁትን ለጠላቴም አልመኝም። አንዱን ፎቶ ሦስት ቦታ ያስቀምጠዋል፤ ትርፉን ልሰርዝ ስል ሦስቱንም ያጠፋቸዋል። የቆመውን ሰው ያጋድመዋል፤ አቃንቼው ስመለስ ተጋድሞ ይጠብቀኛል። አንድ ፎቶ ከፍቼ ወደነበርኩበት ልመለስ ካልኩ ከመጀመሪያው ያስጀምረኛል። ይህን የሠራው ሰው የገዛ ዘመዱን ፎቶ ፈልጎ የሚያውቅ አይመስለኝም።

አንድ ቀን ደግሞ የአባቴንና የእኔን ፊት ጎን ለጎን አምጥቶ፣ ሁለቱ አንድ ሰው ናቸው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አይደሉም አልኩት። በማግሥቱም ጠየቀኝ። በሦስተኛው ቀን መልስ ሳልሰጠው ላፕቶፑን ዘጋሁት። «ናቸው» እንዳልለው ፈርቼ ነበር።

ከሁሉ የባሰው የቀኑ ጉዳይ ነው። የሞባይሎቹ ፎቶዎች የተነሱበትን ቀን ይዘው መጡ። ከፍላሽና ከካሜራ የመጡት ግን ሁሉም እኔ በገለበጥኩበት ቀን የተነሱ ናቸው አለ። የእኔ ምርቃት፣ የእህቴ ሠርግና የአባቴ ቀብር በአንድ ቀን ዋሉ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሥራ ስመለስ የእነዚህን ዓመት አንድ በአንድ በእጄ ስጽፍ ከረምኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት መካኒሳ ሄጄ እናቴን ሶፋው ላይ አስቀመጥኳትና አጠገቧ ተቀምጬ ላፕቶፑን ከፈትኩ። እህቴ ከጀርባችን ቆመች። ፎቶዎቹ በራሳቸው ማለፍ ጀመሩ፤ ከላይ ዓመቱ በትልቁ ይጻፋል። ምርቃቱ አለፈ፣ ሠርጉም አለፈ። 2011 ላይ ድንኳኑ መጣ፤ ሳጥኑ፣ መዘምራኑ፣ ጥቁር የለበሰችው እናቴ። እጄን አጥብቃ ያዘችኝ።

«ሞቷል» አለች ቀስ ብላ። እህቴ በረጅሙ ተነፈሰች።

ከዚያ 2012 መጣ። አባቴ በር ላይ ቆሞ ይስቃል።

2013 ላይ የበዓል በግ እየጎተተ መጣ። 2015 ላይ የእህቴን ልጅ ታቅፏል። ስህተቴ የገባኝ ያኔ ነው፤ ሞባይሎቹ ዓመቱን የመዘገቡት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ እኔ በእጄ የጻፍኩት ደግሞ በእኛ። አባቴን በ2011 ቀብሬ ሰባት ዓመት አኖርኩት። ፕሮግራሙን ላቆመው ስነካካ ምስሉን አሰፋው እንጂ አላቆመም።

የመጨረሻዎቹ ላይ 2018 ይላል። አባቴ ከስቶ፣ ጋቢ ደርቦ በረንዳው ላይ ተቀምጧል። ሃያ ሠላሳ ፎቶ፣ ሁሉም ያው በረንዳ። እናቴ ቁጥሩን በጣቷ ነካችው።

«ይሄ እኮ ዘንድሮ ነው» አለች። «አለ አላልኳችሁም?»

እህቴ ወደ ጓዳ ገባች። እናቴ ግን ደስ ያላት አትመስልም። «ወደ ኋላ መልስልኝ» አለችኝ። መለስኩላት። እያንዳንዱን ጠጋ ብላ አየች።

«እኔ የለሁበትም» አለች። «ድንኳኑ ጋ አለሁ። እዚህ ግን እሱ ብቻውን ነው። እኔ መቼ ነው የሞትኩት?»

«አልሞትሽም እማዬ። እነዚህን ያነሳሻቸው እኮ አንቺ ነሽ፣ በራስሽ ስልክ። ለዚያ ነው የማትታዪው።»

«እኔ? ለምን አነሳሁት?»

«ለእኔ ልትልኪልኝ። እንዴት እንደዋለ እንዳይ ብለሽ።»

ዞር ብላ አየችኝ። ለአፍታ ዓይኗ እንደ ድሮው ጠራ።

«አንተ የት ነበርክ?»

ጎፋ ነበርኩ። ሥራ በዝቶብኛል፣ ፎቶውን ላኪልኝ ያልኳት እኔ ነኝ። ከጎፋ መካኒሳ ታክሲ ቢጠፋ እንኳ በእግር ይደረሳል።