ባለቤቱ ሳይቀመጥ ካርቶን የማይከፍቱት ጋሽ ደምሴ

በመካኒሳ አቦ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ በሚገኘው ሰማያዊ ኮንቴነር ውስጥ ብስክሌት ይገጥሙና ይጠግኑ የነበሩት ጋሽ ደምሴ፣ ለጥቂት ቀናት ታመው ከወር በፊት ሐሙስ ማለዳ ዐርፈዋል። አርባቸው ሊደርስ ነው። ያልሰማችሁ ደንበኞች አሁንም መጥታችሁ የተዘጋውን በር ስትደበድቡ አያለሁ፤ ይህን የምጽፈው በመጀመሪያ ለእናንተ ነው። አትድከሙ፣ አይከፈትም።

እውነቱን ልናገር። የመሞታቸውን ወሬ ስሰማ በመጀመሪያ ወደ ልቤ የመጣው ኀዘን አልነበረም፤ ቤታችን ኮሪደር ላይ የቆመው ካርቶን ነበር። በውስጡ ያለው የእህቴ የሜሮን ማውንቴን ብስክሌት ነው። ሜሮን ለቡ በሚገኝ መዋዕለ ሕፃናት ታስተምራለች፤ ጠዋት ጠዋት ሚኒባስ ስትጋፋ መኖር ስለሰለቻት ነው ብስክሌቱን የገዛነው። ጋሽ ደምሴ ቅዳሜ ሊገጥሙልን ቀጠሮ ሰጥተውን ነበር። «እህትህን ይዘሃት ና፤ የብስክሌቱ ባለቤት እሷ ናት» አሉኝ። ሐሙስ ዐረፉ።

ባለቤቱ ሳይቀመጥ ካርቶን አለመክፈት የማይፈርስ ሕጋቸው ነበር። መሬት ላይ ነጭ ሸራ ያነጥፋሉ፤ ዕቃውን አንድ በአንድ እያወጡ ይደረድራሉ፤ ባለቤቱ ይቆጥራል። ከዚያ በኋላ ነው መፍቻ የሚያነሡት። አንድ ቀን አንድ ነጋዴ ካርቶኑን አስቀምጦ ሊሄድ ሲል የሆነውን አልረሳውም።

«ጋሽ ደምሴ፣ ሱቅ ክፍት ትቼ ነው የመጣሁት፤ አሥር ሰዓት ላይ ልምጣ?»

«ና። ካርቶኑም ከአንተ ጋር አሥር ሰዓት ላይ ይምጣ።»

«ኧረ እኔ እርስዎን አምናለሁ!»

«እኔ ግን አላምንህም፤ ነገ መጥተህ አንድ ብሎን ጎደለ ብትለኝ ምን እመልሳለሁ?»

ሰውየው እየሳቀ ባለሦስት እግሯ ዱካ ላይ ተቀመጠ። ለሚያፍሩ ደንበኞች ደግሞ እንዲህ ይሏቸው ነበር፦ «ስትቆጥሩ እኔን እየጠረጠራችሁ አይደለም፤ እያሳረፋችሁኝ ነው።»

እኔ ይህን ሕግ የተማርኩት ዘግይቼ፣ ተጎድቼ ነው። የራሴን ብስክሌት በገዛሁ ጊዜ ጋሽ ደምሴ ሁለት ቀን ይፈጃል ስላሉኝ ተናድጄ ወደ ጎፋ ወሰድኩት። እዚያ በአንድ ሰዓት ጨረሱት። የግራ ፔዳል የሚጠብቀው ወደ ግራ ሲዞር ነው፤ እነርሱ ግን እንደ ቀኙ ወደ ቀኝ በጉልበት አስገብተውት የብረቱ ጥርስ ተበልቶ ነበር። በሳምንቱ መንገድ ላይ ፔዳሉ ከእግሬ ሥር ወለቀ። እየገፋሁ ወደ ኮንቴነሩ ተመለስኩ።

«ሲገጥሙት የት ነበርክ?» አሉኝ።

«ሥራ ቦታ።»

«እንግዲያው ግማሹ ጥፋት የአንተ ነው።»

በጣም ተናደድኩ። ተበድዬ መጥቼ ጥፋተኛ ተባልኩ። ግን የተበላሸውን ክፍል ለውጠው፣ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ካቴና ያለውን በሙሉ ፈትተው፣ ግራሶ ቀብተው እንደገና ሲገጥሙት ሁለት ቀን አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው አላስነካሁትም።

አንድ የክረምት ቀን ደግሞ ለቡ በሚሠራ ሕንፃ በጥበቃነት የተቀጠሩ ሰው የፍሬን ገመዱ የተበጠሰ አሮጌ ብስክሌት ይዘው መጡ። ፈረቃቸው ደርሶ ቸኩለዋል።

«ጋሼ፣ ዛሬን እንዲሁ ልሂድ፤ በእግሬ እያስቆምኩ እወርዳለሁ።»

«በዚህ ዝናብ? አትወርድም። የእኔን ውሰድ።»

የራሳቸውን ብስክሌት ሰጧቸው። ገመዱ እስኪገኝ ድረስ ጋሽ ደምሴ ወደ ቤታቸው በእግራቸው ሲሄዱ ሰንብተዋል። እኚያ ጥበቃ ለቅሶ ቤት ጥግ ላይ ተቀምጠው ይህንኑ ሲደጋግሙ ሰማሁ፤ ድንኳኑ ውስጥ ከነበርነው ግማሻችን ተመሳሳይ ነገር የምንናገር ደንበኞች ነበርን።

በደጉ ብቻ አላስታውሳቸውም፤ እሳቸውም አይወዱትም ነበር። ስልክ አያነሡም ነበር። ሙያቸውን ጽፈው አልተዉም። እኔ የማውቀውን ያወቅሁት በስልኬ ቪዲዮ እያየሁ፣ የእያንዳንዱን ብሎን የማጥበቂያ ልክ በደብተር እየመዘገብኩ ነው። እሳቸውን ግን «ይህ ብሎን ምን ያህል ይጥበቅ?» ስላቸው «እስኪበቃው» ይሉኛል። «መቼ እንደበቃው በምን ይታወቃል?» ስላቸው ደግሞ «በእጅህ»። ይህ መልስ አይደለም። አሁንም ድረስ ያበሳጨኛል።

ካረፉ በኋላ ካርቶኑን በላዳ እየጫንኩ አምስት ቦታ ዞርኩ። ሁሉም ጥለኸው ሂድ አሉኝ። በመጨረሻው ቤት ገጣሚው ጎበዝ ወጣት ይመስል ነበርና ትንሽ ተስፋ አደረግኩ።

«ወንድሜ፣ አስቀምጠውና ከምሳ በኋላ ና።»

«እዚሁ ተቀምጬ ልይ?»

«ምነው፣ ሌባ እንመስላለን እንዴ?»

«አይደለም። የፊት ፍሬኑ በትክክል መያዙን ማየት ፈልጌ ነው።»

«አባቴ፣ ሳይክል እኮ ነው፤ አውሮፕላን አይደለም!»

ቤቱ ሙሉ ሳቀ። በዚያው ጊዜ ሌላኛው ሠራተኛ የአንድ ደንበኛ አዲስ ብስክሌት ላይ የፊት ጎማውን የሚይዘውን ሹካ ወደ ኋላ አዙሮ ሲገጥም አየሁ። ነገርኩት። «ሞዴሉ እንደዚህ ነው» አለኝ። ካርቶኑን ተሸክሜ ወጣሁ።

ጋሽ ደምሴ፣ የቀረውን ለእርስዎ ብቻ ልንገርዎት። ባለፈው ቅዳሜ ሜሮንን አስቀምጬ ካርቶኑን ራሴ ከፈትኩት። ገጠምኩት። ግቢ ውስጥ ስሞክረው የፊት ፍሬኑ ጎማውን ይነካል፤ ፈታሁት። እሑድ ደግሜ ገጠምኩ፤ አሁን ደግሞ መሪው በጥቂቱ ወደ ቀኝ ያጋድላል። ሜሮን «ለእኔ ቀጥ ያለ ነው፤ ስጠኝና ልሂድበት» ብላ ለመነችኝ፤ ከዚያም ተቆጣች። አልሰጠኋትም። እንደገና ፈታሁት። ዛሬ ማለዳ ለሦስተኛ ጊዜ ገጥሜው ቁልቁለቱን ራሴ ሁለት ጊዜ ወረድኩበት፤ ፍሬኑ ያዘ፤ ግን ስይዘው ትንሽ ድምፅ ያሰማል፤ ከየት እንደሚመጣ አላወቅሁም። እርስዎ ቢኖሩ አንዴ ሰምተው ይነግሩኝ ነበር። እኔ ገና እየፈለግኩት ነው።

በሰላም ይረፉ፣ ጋሽዬ። ሜሮን ዛሬም በሚኒባስ ሄዳለች፤ አኩርፋኛለች። ድምፁን እስካገኘው ድረስ ታኩርፍ።