ተፈታኙን ያላስናገረ ፈታኝ

ኢሊኤሳ ሱቫ በምትባል የደሴት ከተማ ውስጥ ባለ አንድ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት ሥነ ጽሑፍ ያስተምራል። ወሬ ይወዳል። ያንጎና የሚባለውን የአገሩን የሥር መጠጥ ሊጠጣ በተቀመጠበት ቤት ዋንጫው ደጋግሞ ዞሮ የእሱ ጨዋታ ገና መግቢያው ላይ ነው። "እግዜር ምላሴን ሲሰራ ልጓሙን ረስቶታል" ይላል ራሱ።

ተማሪዎቹ ዩኒቨርሲቲ የሚገቡበት ዲፕሎማ ደግሞ እንዲህ ያለ ሰው አይወድም። በቃል ፈተናው ተማሪው ለብቻው ይናገራል፤ መምህሩ ጥቂት ይጠይቃል፤ ሁሉም ይቀዳል። ማርኩን መጀመሪያ የሚሰጠው መምህሩ ነው። ባሕር ማዶ ያሉ ፈታኞች ጥቂት ቅጂ መርጠው ይሰሙና መምህሩ እጁ ላልቷል፣ ማርክ አብዝቷል ካሉ የክፍሉን ሁሉ ማርክ ዝቅ ያደርጉታል። እንደገና መቅዳት ክልክል ነው።

ዝምተኛዋ ሜሬሴኒ ስለ ባሕር ግጥሞች አሳምራ ተናገረች። ኢሊኤሳ "ማዕበሉ ምን ያሳያል?" ሲል ጠየቃት። እዚያ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት! "እኔም ልጅ ሳለሁ የአጎቴ ጀልባ..." ብሎ ቀጠለ። በወሬው ጀልባዋን ገለበጠ፤ አጎቱን እያስዋኘ ወደ ዳር ወሰደ።

ሜሬሴኒ እጇን አወጣች። "ይቅርታ ቲቸር፣ አጎትዎ ከተረፉ እኔ ልመልስ?"

በማግስቱ የፕሮግራሙ ኃላፊ ወይዘሮ ሱሺላ ቅጂውን ሰምተው አስጠሩት።

"ተፈታኙ ማነው?"

"ልጅቷ ናት።"

"ታዲያ ለአጎትህ ስንት እንስጠው?"

ኢሊኤሳ ሳቀ፤ ግን ልጅቷ ትዝ አለችው። ህልሟ ሕግ ማጥናት ነው፤ ማርኩ ያስፈልጋታል። ፈልጎ አገኛትና "በወሬዬ ጊዜሽን በላሁብሽ" አላት።

"ግድ የለም፣ ያሰብኩትን ብያለሁ።"

"ቀደም ብለሽ አታስቆሚኝም ነበር?"

"አያቴም እንደርስዎ ናቸው። ትንፋሽ እስኪወስዱ ነው የሚጠበቀው።"

የባሕር ማዶዎቹ ከመረጧቸው ቅጂዎች አንዱ የእሷ ሆነ። ኢሊኤሳ እስከ ጥር እንቅልፍ አጣ፤ ይባስ ብሎ ወሬ አጣ፤ ሚስቱ ታሟል ብላ ሰጋች። ውጤቱ ሲመጣ ግን የክፍሉ ማርክ አልተነካም፤ ሜሬሴኒም ከሰባት ስድስት አግኝታለች። ለመምህሩ የተጻፈችው አስተያየት አንዲት መስመር ናት፦ "መምህሩ ጠይቆ መልሱን ይጠብቅ።"

ኢሊኤሳ መስመሯን መምህራን ክፍል ውስጥ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ። ከዚያ ምን ለማለት እንደተፈለገ ያብራራ ጀመር፤ ደወሉ ሲደወል ገና አልጨረሰም።