ምክር ቤቱን ያስተኛው ሐኪም

የሥራ ባልደረቦቹ እሹሩሩ ይሉታል። የሰመመን ሐኪም ነው፤ ቀዶ ጥገና የሚደረግለትን ሰው ያስተኛል፣ ከተኛም በኋላ ትንፋሹን ይጠብቃል። መርፌውን ከመውጋቱ በፊት ከበሽተኛው ጋር ያወራል። ስለ ልጆቹ፣ ስለ ጎረቤቱ፣ ስለ ተነቀለ ጥርሱ፣ አፉ ላይ የመጣለትን ሁሉ ይጠይቀዋል። ድምፁ ዝቅ ያለና የማይቸኩል ስለሆነ አንዳንዱ በሽተኛ መድኃኒቱ ሳይደርሰው ዓይኑን መክደን ይጀምራል። ነርሶቹ «ለዚህ ሰውዬ መድኃኒት መግዛት ብክነት ነው» እያሉ ይስቁበታል። እሱም አብሯቸው ይስቃል፤ ቅር ብሎት አያውቅም።

አንድ ነገር ግን ሕግ አድርጎ ይዟል። ያስተኛው ሰው ነቅቶ ስሙን እስኪነግረው ድረስ ከአጠገቡ ንቅንቅ አይልም። ምሳ ቢቀርብ፣ አለቃ ቢያስጠራው፣ መልሱ «ስሙን ይንገረኝና እመጣለሁ» ነው።

ሚስቱ የትራፊክ ፖሊስ ናት። ነጭ ጓንቷን አጥልቃ፣ ፊሽካዋን ነክሳ የከተማው ትልቁ አደባባይ ላይ ስትቆም የሚኒባስ ሾፌር ሁሉ ቀበቶውን መፈላለግ ይይዛል። የተዋወቁትም እዚያው ነው። ቀይ መብራት ጥሶ ስታስቆመው፣ ሐኪም መሆኑን ነግሮ ሊለማመጣት ሞከረ። «እንኳን ሐኪም ሆንክ፤ የገጨኸውን ራስህ ታክመዋለህ» ብላ ቅጣቱን ጻፈችለት። ቤታቸው ውስጥ ተናጋሪዋ እሷ፣ አዳማጩ እሱ ነው፤ ሁለቱም እንደዚያ ተመችቷቸዋል።

አምና ሙቀቱ ከልክ ያለፈ ጊዜ፣ ቀትር ላይ፣ እዚያው አደባባይ መሀል ተዝለፍልፋ ወደቀች። ሁለት የታክሲ ሾፌሮች ተሸክመው ሆስፒታል አደረሷት። እሹሩሩ ወሬው ሲደርሰው ሰው አስተኝቶ ነበርና ጥሎ መውጣት አልቻለም። እሷ ታች ድንገተኛ ክፍል በቀዝቃዛ ጨርቅ ተጠቅልላ ተኝታለች፤ እሱ ላይ ፎቅ የማያውቀውን ሰው ትንፋሽ እየጠበቀ ጥርሱን ነክሷል። እንደዚያ ቀን ፈርቶ አያውቅም። በኋላ ሮጦ ሲደርስ ዓይኗን ገልጣ አገኛት።

«ጣቢያ ከጠየቁህ ሆዷን ነው ያመማት በል» አለችው ገና ሳይቀመጥ።

ፀሐይ እንደጣላት ከታወቀ ቢሮ ያስገቧታል። አደባባዩን ትቶ ፋይል ማገላበጥ ደግሞ ለእሷ ከመሞት አይተናነስም። እሹሩሩ ምንም ሳይከራከር እሺ አላት።

በዚያ ሰሞን ሆስፒታሉ ውስጥ እሷ ብቻ አልነበረችም። የቀን ሠራተኛው፣ መንገድ ጠራጊዋ፣ ነፍሰ ጡሯ፣ ቆርቆሮ ጣራ ሥር የሚውለው አዛውንት፣ ሁሉም በአንድ በር ይገባሉ። የአየር ንብረት ለውጥ የሚባለው ነገር ድሮ ሐኪሞቹ በስብሰባ ላይ ብቻ የሚሰሙት ነበር፤ አሁን በቃሬዛ እየመጣላቸው ነው። የጤና ባለሙያዎቹ ማኅበር ቢቸግረው፣ እኛ ጋ የሚመጣው በሽታ ምክር ቤት ውስጥ የሚወሰን ነው ብሎ ተነሣ። አንድ ዕቅድም አዘጋጀ፤ በሙቀት ወራት ሜዳ ላይ የሚሠራ ሁሉ ቀትር ላይ ጥላ ሥር ይረፍ፣ በየመንገዱ የሚጠጣ ውኃ ይቀመጥ፣ የጎዳና ዛፍ አይቆረጥ፣ ቆሻሻ በየሰፈሩ አይቃጠል የሚል።

መጀመሪያ ዕቅዱን ይዞ ወደ ከተማው ምክር ቤት የሄደው የቀዶ ጥገናው ሐኪም፣ የእሹሩሩ የልብ ወዳጅ ነው። እጁ ረጋ ያለ፣ አፉ ግን ልጓም የሌለው ሰው ነው። አንዱ አባል «ፀሐይን እንግዲህ ምን እናድርጋት?» ብለው ቢቀልዱ፣ «ከእናንተ ወንበሮቹ ይሻላሉ!» አለና በጥበቃ ተሸኝቶ ወጣ። ስለዚህ ለሁለተኛው ጊዜ ከማንም ተጣልቶ የማያውቅ ሰው ተፈለገ።

«ደግ ነው» አለ ወዳጁ። «እኔ አስቆጣኋቸው፣ አንተ ደግሞ ሂድና እሹሩሩ በላቸው።»

የሙቀቱ ወራት ሊገባ ጥቂት ሳምንታት ቀርተውታል። ምክር ቤቱ ዘንድሮም እንቢ ካለ ሚስቱ ቀትር ላይ እዚያው አደባባይ ልትቆም ነው። እሹሩሩ የሚያስበው ይህንኑ ነው፤ ሌላው ሁሉ ለእሱ ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው። ንግግሩን ያነበበላት ቀን እግሯን ውኃ ውስጥ ነክራ ትሰማው ነበር።

«ጥሩ ነው። ብቻ የኔን ነገር እንዳታነሳት።»

«እሱን ብነግራቸው እኮ ወዲያው ይገባቸው ነበር።»

«ይግባቸው አይግባቸው፣ እኔን የስብሰባ ማጣፈጫ እንዳታደርገኝ ብያለሁ!»

ቃል ገባላት።

ምክር ቤቱ የሰማው ከምሳ በኋላ ነው። አዳራሹ ይወብቃል፤ ማራገቢያው የሞቀውን አየር ከወዲያ ወዲህ ከማመላለስ በቀር ፋይዳ የለውም። እሹሩሩ ወረቀቱን ዘርግቶ፣ በዚያ በሚታወቅበት ድምፁ ማንበብ ጀመረ። የመጀመሪያውን ገጽ ሳይጨርስ ከፊት ያሉት ወይዘሮ አገጫቸውን በመዳፋቸው ደገፉ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ግማሹ አዳራሽ ጭልጥ አለ። ወዳጁ ከኋላ ተቀምጦ ጉልበቱን በቡጢ ይደበድባል። ሰብሳቢው ደግሞ፣ ወፍራም አንገተ አጭር ሰው ናቸው፣ አንገታቸው ደረታቸው ላይ ተደፋና ማንኮራፋት ያዙ። ከዚያ ማንኮራፋቱ ቀጥ አለ።

ይህቺን ዝምታ ከእሹሩሩ በቀር ማንም ልብ አላላትም። ወረቀቱን ጥሎ መድረኩ ላይ ወጣ፣ የሰብሳቢውን አገጭ በሁለት ጣቱ ቀና አደረገና በሌላ እጁ የልብ ምታቸውን ያዘ። ትንፋሻቸው በረጅሙ ተመለሰ፤ ዓይናቸውም ተገለጠ።

«አይዞዎት፣ አጠገብዎ ነኝ። ስምዎትን ይንገሩኝ» አላቸው።

ሰውየው ግራ ቢገባቸው ስማቸውን ከነአያታቸው ተናገሩ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ ያንቀላፋውም ሁሉ ነቃ። እሹሩሩ ፊቱ በላብ ተጠመቀ።

«ይቅርታ ክቡር ሰብሳቢ፣ ልማድ ሆኖብኝ ነው።»

«ምን ሆኜ ነው?»

«ተኝተው ነው፤ ተመስገን ነው። እርስዎን ስነካዎት ነቁልኝ።» ወረቀቱ ወለሉ ላይ እንደተበተነ ነው፤ ሊያነሣውም አልሞከረም። «ከመንገድ ላይ ተሸክመው የሚያመጡልን ሰዎች ግን ብንነካቸው፣ ብንጠራቸው አይሰሙም። እኔ ሰው ሳስተኛ እስኪነቃ ድረስ አጠገቡ ነኝ። ፀሐይ የጣለችውን ሰው ማን ይጠብቀው? እኛማ እሱ ከወደቀ በኋላ ነው የምናገኘው። ከመውደቁ በፊት አጠገቡ መሆን የምትችሉት እናንተ ናችሁ። አንዷን እኔ...»

ለሚስቱ የገባላት ቃል ትዝ አለውና አቆመ። ወዳጁ ከወንበሩ ብድግ ብሎ «ንገራቸው!» በሚል ዓይን ያየዋል።

«አንዷን እርስዎ ምን?» አሉ ሰብሳቢው።

እሹሩሩ እጁን ተመለከተ። መናገር አማረው፤ እንዴት አድርጎ እንዳማረው!

«አንዷን በደንብ አውቃታለሁ። ታካሚ ስለሆነች ስሟን አልናገርም» አለና ወርዶ ተቀመጠ።

ሲቀመጥ ሁሉን ነገር ያበላሸ መሰለው። ከፊት የነበሩት ወይዘሮ ግን እጃቸውን አወጡ። «ስሟ ምን ያደርግልናል? እስቲ ድምፅ እንስጥበት» አሉ። የዛፉና የቆሻሻው ጉዳይ ወደ ሌላ ስብሰባ ተገፋ፤ ያ ገና ሌላ ግብግብ ነው። የቀትሩ ዕረፍት፣ ጥላውና ውኃው ግን አለፈ። ወዳጁ ደረጃው ላይ አንገቱን አንቆ ሳመው።

ማታ ሚስቱ ወሬውን ቀድማ ሰምታ ጠበቀችው። «ምክር ቤቱን በሙሉ አስተኛህ አሉ!» ስቃ ስቃ ሆዷን ያዘች። ዕረፍቱ እሷንም እንደሚመለከት ሲነግራት ግን ኮስተር አለች። «ቀትር ላይ አደባባዩ በመብራት ብቻ ሊሠራ? መብራት ማንን ያስፈራል? አንተን እንኳ አላስፈራህም።» ቃሉን ስለ መጠበቁ ምንም አላለችም፤ ራቱን ግን እሷ አቀረበችለት፣ ተራው የእሱ ሆኖ ሳለ።

የሙቀቱ ወራት ገባ። እሹሩሩ አንድ ቀን የጠዋቱን ሥራ ጨርሶ እጁን ሲታጠብ ስልኩ ጮኸ፤ ሚስቱ ናት። በትዳር ዘመናቸው ቀትር ላይ ደውላለት አታውቅም። እጁን ሳያደርቅ አነሣው።

«ምን ሆንሽ? የት ነሽ? ማነው ያነሣሽ?»

«ኧረ ማንም አላነሣኝ! ቁጭ ብያለሁ። ከጓደኞቼ ጋር የነበረንን ወሬ ጨረስን፣ ሥራ ፈታሁ፣ ደወልኩልህ። በል አጫውተኝ።»

እሹሩሩ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ስንቱን ሲያጫውት የኖረ ሰው፣ የሚለው ጠፋው፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ዘጋኸው እንዴ?»

«አልዘጋሁም። እስቲ... ጥላው እንዴት ነው?»

«ጥላው እንዴት ነው ይባላል? ጥላ ነዋ!» አለችና ሳቀች።