አዲሷን ያመሰገነችው እስከዳር

ደባርቅ ውስጥ ባልና ሚስት ሲፋቱ ብዙ ጊዜ የሚያጣላቸው በሬ ነው፤ በሬ የሌለው ቤት በቆርቆሮው ክዳን ይጣላል። እስከዳርና ቻላቸው በተፋቱ ጊዜ ግን ሽማግሌዎቹ ፊት የቀረቡት ሁለት የስፌት መኪናዎች ነበሩ፤ አንዷ አሮጌ፣ አንዷ አዲስ። እስከዳር ከዚያ ሁሉ ዘመን ትዳር ይዛ መውጣት የምትፈልገው አሮጌዋን ብቻ ነበር። ይህን ግን ለነፍስ አባቷም አልተናገረችም።

አሮጌዋ በእግር የምትረገጥ፣ ሁለት ጎረምሳ ካልተሸከማት የማትነሳ ሲንጀር ናት። ቻላቸው ደርግ ወድቆ ጦሩ ሲበተን፣ ጦር ሰፈር የተማረውን ልብስ ስፌት ይዞ አገሩ ገባ፤ እስከዳርን አገባ፤ አብረው ጥረው ጎንደር ካለች አንዲት የሰፊ መበለት ገዟት። መጀመሪያ የሚሰፋው እሱ ነበር። ከዚያ ወገቡን አመመውና እሱ እየቆረጠ እሷ ትስፋ ተባለ። ቆየት ብሎ መቁረጡም ለወገብ የማይስማማ ሆነ። በመጨረሻ ሜትሩ በእሱ አንገት፣ ሥራው በእሷ እግር ላይ ቀረ። ገበያተኛውም "ቻላቸው የሰፋልኝ" እያለ ለበሰ። እስከዳር በዚህ አልተቀየመችም። ከአራተኛ ክፍል ወጥታ የተዳረች ሴት ስሟ ኮት ላይ እንዲነሳላት አትጠብቅም።

መኪናዋ ግን ትሰማታለች። ከጊች የሚወርዱ ሰዎች የሚያመጡትን የበግ ጠጉር በርኖስ ደራርባ ብታስገባላት ቀስ ብላ ትሻገረዋለች። መብራት አትጠይቅም። ቅባት ስታጣ ትጮኻለች፤ ሲቀቧት ዝም ትላለች። እስከዳር በትዳሯ ዘመን ከቻላቸው ይህን ያህል የሚገባ ነገር ሰምታ አታውቅም።

ከሚሊኒየሙ በኋላ ቻላቸው በመብራት የምትሠራ፣ ነጭ፣ በብብት የምትያዝ መኪና ከጎንደር ይዞ መጣ። ሳሳ ያለ ጨርቅ ላይ ደኅና ናት። በርኖስ ስታይ ግን መርፌዋን ትሰብራለች። መብራቱም ደባርቅን የሚጎበኘው ሲያሰኘው ነው። እስከዳር አቡጀዲ አልብሳ ጥግ አስቀመጠቻት።

ፍቺውን የጠየቀችው እሷ ናት። ሽማግሌዎቹ ሰክሮ ይመታሽ እንደሆነ ጠየቋት፤ የለም አለች። ሌላ ሴት ወዶ እንደሆነም ጠየቁ፤ ማን ትወደዋለች አለች። ታዲያ ምን አድርጎሽ ነው ቢሏት "ደክሞኝ ነው" ብላ አረፈችው። ዋናው ሽማግሌ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል፣ መጽሐፉን ሁሉ በቃላቸው ቢያውቁም፣ ድካም ለፍቺ ምክንያት ሆኖ የተጻፈበትን ቦታ ሊያስታውሱ አልቻሉም።

እውነቱ ይህ ነበር፤ ቻላቸው እሷ ያማራትን ነገር ሁሉ ያምረዋል። ሽሮ ይሻለኛል ስትል ሥጋውን ትቶ ሽሮውን ይጠርጋል። በግድግዳው በኩል ልተኛ ካለች ግድግዳው ይናፍቀዋል። ለማርያም ማኅበር ልልበሰው ብላ ያሠራችውን ጋቢ ከእሷ ቀድሞ ለብሶት ወጣ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። የሚወደውን ነገር ለብቻው ማግኘት ስለማይችል ነው።

በአገሩ ልማድ ደግሞ ፍቺ የጠየቀ ንብረቱን ለሁለት ይከፍላል፤ የተጠየቀው ይመርጣል። ከፋይዋ እሷ፣ መራጩ እሱ። አሮጌዋን እንደምትፈልግ ቅንድቧ እንኳ ከተናገረ አለቀላት። ስለዚህ ክፍፍሉ እስኪደርስ አዲሷን ታመሰግን ጀመር።

ምስጋናዋ ደግሞ የዋዛ አልነበረም። ቻላቸው ጠላ ቤት ሲውል በአሮጌዋ ሰፍታ የጨረሰችውን ቀሚስ አዲሷ ላይ ታነጥፈዋለች። የቀሚሱ ባለቤት ስትመጣ ከዚያው አንስታ ትሰጣትና፣ ይህቺ መኪና እጅ ብቻ ሳትሆን ዓይንም አላት፣ ከእሷ ብለያይ የምሆነውን አላውቅም ትላለች። በማኅበሩ ላይ ስለ አዲሷ ስታወራ እንባ ይተናነቃታል። አሮጌዋን የጠቀሰ ሰው ካለ፣ እሷማ ብትሸጥ ለማረሻ ትሆን ነበር ትላለች። ይህን ባለች ቁጥር ቤት ገብታ አሮጌዋን ትወለውላታለች። ወሬው ዞሮ ቻላቸው ጋ ደረሰ። እሱም በየማታው አዲሷን ከአቡጀዲው ገልጦ ያያት ጀመር።

የክፍፍሉ ዕለት እስከዳር አዲሷን ከፍራሹና ከሳጥኑ ጋር በአንድ ወገን፣ አሮጌዋን ከድስቱና ከአግዳሚው ጋር በሌላ ወገን አደረገች። መሪጌታ ሁለቱን ክፍል ዞረው አዩና ይህ ግፍ ነው አሉ። አሮጌ ብረት የደረሰው ሰው ይጎዳልና በቤቱ ያሉት ሁለት በጎች ከአሮጌዋ ጋር ይሁኑ አሉ። እስከዳር በጎች አያስፈልጉም፣ እንዲሁ ይሁን ብላ ተከራከረች። ሽማግሌዎቹ ለራሷ ሳይሆን ለባሏ የምታደላ መስሏቸው ተደነቁ፤ በጎቹንም አሮጌዋ አጠገብ አሰሩ። ቻላቸው በጎቹን አያቸው። ደጋግሞ አያቸው። በበጎቹ ተስቦ አሮጌዋን እንዳይመርጥ እስከዳር ፈራች።

ይባስ ብሎ ሁለተኛው ሽማግሌ አቶ ደምለው ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ምርጫው ቅሬታ ስለሚያመጣ በዕጣ ይሁን አሉ። ይህን ስትሰማ እስከዳር ያላሰበችው እንባ ዱብ ዱብ አለ።

ቻላቸው እንባውን ሲያይ ፊቱ በራ።

"ዕጣ ለምን ሲባል? ምርጫው የኔ ነው። ቀን ከሌት የምትቃዥላትን አዲሷን ወስጃለሁ።"

"በጎቹስ?" አሉ መሪጌታ።

"ትውሰዳቸው። በበጎቹ ትስፋ።"

እስከዳር የተሸነፈ ሰው የሚለውን አለች፤ እግዚአብሔር ያየዋል አለች። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባ ወጣች። ሸካሚዎቹ አሮጌዋን ይዘው ከፊት ሲያቃስቱ፣ ከኋላ በነጠላው ውስጥ የምትስቀውን ሴት መንገደኛው ሁሉ የምታለቅስ መስሎት "አይዞሽ" አላት።

ከገበያው ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራየች። መኪናዋን በር ላይ ተከለች፤ ቀባቻት፤ ቁጭ አለች። ሰው አልመጣም። በሚቀጥለው ገበያም አልመጣም። ቻላቸው ከዳባት አለምነህ የሚባል ሰፊ ቀጥሮ ነበርና፣ ሰው ሁሉ ጨርቁን በብብቱ ይዞ ወደዚያ ያልፋል። እስከዳር ባሏን ስታሞኝ ደንበኛም ጆሮ እንዳለው ረስታው ኖሯል።

የማኅበር ጓደኛዋ ስጦታ በበሩ ስታልፍ ጠራቻትና እውነቱን ነገረቻት። ያ ለፋሲካ የለበስሽው ቀሚስ የተሰፋው በዚህችው በአሮጌዋ ነው አለቻት።

"እስኪ ተይ እህቴ፣" አለች ስጦታ። "እኔው ፊት አይደል እንዴ ከአዲሷ ላይ ያነሳሽው? ቅናት አያምርብሽም።"

እስከዳር በማርያም ማለች። በማርያም መማሏ ደግሞ ይባስ አስነቀፋት። ዕድሜዋን ሙሉ እውነት ስትናገር የሰማት አልነበረም፤ ውሸት የተናገረችበትን አንድ ወቅት ግን አገር ሙሉ አመናት።

ክረምቱ አልቆ መስቀል ሲቃረብ፣ የብርዱ ልብስ በሚሰፋበት ሰሞን፣ ቻላቸው በጓሮ በር መጣ። በብብቱ ጥቅል ነበር።

"ምንድን ነው?" አለችው።

"በርኖስ ነው። የመሪጌታ።"

"አዲሷስ?"

"መብራት የለም።"

"ሲመጣስ?"

ቻላቸው መሬት መሬት አየ። "ሲመጣ መርፌ የለም።"

ልታባርረው ትችል ነበር። ግን መኪናዋም ሥራ ፈትታ ደርቃለች፤ በጎቹም ተሽጠው ተበልተዋል። የሰፋሁት እኔ መሆኔን ለሰው የምትናገር ከሆነ እሰፋለሁ አለችው። እሱ ይህንስ አታድርጊው፣ እንጀራዬን ትዘጊዋለሽ ብሎ ለመናት። ቻላቸው አንድ ነገር ሲለምናት የመጀመሪያው ነበር፤ ለመለመን እንግዳ ሆና ይሁን ደክሟት፣ እሺ አለች።

ከዚያ ወዲህ ወፍራም ወፍራሙ በጓሮ ይመጣ ጀመር። ቀስ በቀስ ሳሳ ያለውም ተከተለ። ቻላቸው የእጇን ይከፍላታል። አለምነህ ቁልፍ ይተክላል፣ ይተኩሳል። አዲሷ ደንበኛው እንዲያያት ንጹሕ ሆና ጠረጴዛ ላይ ትቀመጣለች። ከበፊቱ ጋር ያለው ልዩነት፣ እስከዳር አሁን በፈለገችው ጎን መተኛቷ ነው።

ከበዓሉ በኋላ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል በርኖሱን ደርበው በበሯ ሲያልፉ ቆሙ። ትከሻው ላይ ያለውን ስፌት በጣታቸው እየዳሰሱ ከንፈራቸውን መጠጡላት።

"ይኸውልሽ ልጄ፣ የአዲሷ ሥራ። ያን ቀን ደምለው ዕጣ ሲል ብንሰማው፣ ምናልባት ላንቺ ትደርስ ነበር። ዘወትር ይቆጨኛል።"

"እርስዎ ምን ያድርጉ መሪጌታ፤ የኔው ዕድል ነው። አንገቱ ላይ አይጠብቅዎትም?"

"ኧረ ምንም አይል። እሷ ትሳሳታለች?"

"አትሳሳትም" አለች እስከዳር።

መሪጌታ አሮጌዋን አይተው በጣም አዘኑ። መስቀላቸውን አወጡ። የድሆች አባት ይህን ብረት ከፊትሽ አንስቶ፣ እንደዚያችው ያለች አዲስ መኪና ይስጥሽ ብለው ረጅም ጸሎት ጸለዩላት። እስከዳር ከመቀመጫዋ ተነሥታ በትሕትና አሜን አለች።

እሳቸው ሲርቁ ግን ደነገጠች። የመሪጌታ ጸሎት መሬት ጠብ እንደማይል ደባርቅ ሁሉ ያውቃል። ፊቷን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዙራ አማተበችና፣ ጌታዬ የእሳቸውን ሌላውን ሁሉ ስማ፣ ይህቺን ብቻ ተዋት አለች። ከዚያ ተቀምጣ መርገጫውን ረገጠች።