ከቀይ አበባ ውስጥ ያጠፋኋት ሴት

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለነፍስ አባቴ እንኳ አልነገርኩም። በየዓመቱ ጾም ሲገባ ከፊታቸው ተንበርክኬ ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ የቀረሁበትን ቅዳሴ ስዘረዝር፣ እዚህ ላይ ስደርስ እዘለዋለሁ። እሳቸው "ሌላስ?" ይሉኛል። እኔ "ሌላ የለም፣ አባ" እላለሁ። እንግዲህ እናንተ ስሙኝ። ፊቴን አታዩትምና ለእናንተ መናገር ይቀለኛል።

ጦርነቱ ከመምጣቱ በፊት ካርቱም፣ ሳጃና ውስጥ፣ ሁሉም አጎት ለማለት ዓም ኡስማን በሚላቸው ሽማግሌ ፎቶ ቤት እሠራ ነበር። ማንሳቱም፣ ኮምፒውተር ላይ ማቀናበሩም የእኔ ሥራ ነው። አንድ ቀን ካፉሪ ከሚባለው የሀብታሞች ሰፈር አንዲት ባለጸጋ ሴት ደወለች። ልጇን ልትድር ስለሆነ የግቢዋን አበቦች አንስቼ፣ ሳሎኗ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ትልቅ ፎቶ እንዳትምላት ፈለገች።

ሄድኩ። ከቤቱ ጀርባ የሠራተኛ ክፍሎቹን ግድግዳ ከላይ እስከ ታች የሸፈነ ሐረግ ነበር፤ ሱዳኖች ጀሃነሚያ ይሉታል። እንደዚያ ያለ ቀይ አይቼ አላውቅም። ፀሐይ ሲያርፍበት ዓይን ያማል። መዳሟ ከአጠገቤ አልተለየችም፤ "ያላ፣ ከዚህ በኩል፣ አሁን ደግሞ ከዚያ" እያለች ታዘኛለች። እኔ ከአበባው ሌላ ያየሁት ነገር አልነበረም። ይህን ስል እውነቴን ነው። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ምንም አልበደልኩም።

በማግስቱ ከምሳ በኋላ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ። ፎቶዎቹን ያነሳሁት "ሮው" በሚባለው ዓይነት ነው፤ ካሜራው ያየውን ሁሉ ሳይቀንስ የሚያስቀምጠው ጥሬ ፎቶ ማለት ነው። እንዲያም ሆኖ ቀዩ ከመጠን በላይ በዝቶ አበባው ሁሉ አንድ ላይ ተጣብቋል። አንዱ ከሌላው አይለይም፤ የተዘረጋ ቀይ ጨርቅ ይመስላል። ስለዚህ ቀዩን ቀስ እያልኩ ቀነስኩት፤ የጨለመውን ቦታ ደግሞ አበራሁት። አበቦቹ አንድ በአንድ መለያየት ጀመሩ። ከኋላቸው የመስኮት ብረት ታየኝ። ከብረቱ ኋላ የሰው ፊት ታየኝ።

መጀመሪያ ዓይኔ ያታለለኝ መሰለኝ። አቀረብኩት። ሴት ናት። ያገሬ ልጅ ናት፤ ግንባሯ ላይ መስቀል ተነቅሳለች። ከንፈሯ ተሰንጥቆ አብጧል። ሁለት ትልልቅ ዓይኖቿ ሌንሱን ትክ ብለው ያያሉ። የቀኝ እጇን መዳፍ ብረቱ ላይ ዘርግታ ለጥፋዋለች፤ መዳፏ ላይ በእስክሪብቶ የስልክ ቁጥር ተጽፏል። ከቁጥሩ ሥር "እህቴ ናት" ይላል።

እኔ ትናንት ካሜራዬን ሳስተካክል ይቺ ሴት እዚያው ነበረች! መዳሟ ስላለች መጮኽ አልቻለችም። ካሜራ የያዘ ያገሯን ሰው ስታይ፣ እጇን ዘርግታ ዝም ብላ ቆመች።

ደወልኩ። አዎ፣ ደውዬ ነበር። ሁለት ጊዜ ጠራ። አንዲት ሴት አነሳችው፤ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ፣ "እናትዬ? አንቺ ነሽ?" አለች።

ዘጋሁት።

ለምን ዘጋሁት? ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ካለፈበት ስድስት ወር ሆኖት ነበር። የመዳሟ ባል ትልቅ ሹም ነው ይባላል። ካሻ በወጣ ቁጥር፣ ፖሊስ የውጭ ሰው ከየመንገዱ ሲያፍስ ማለቴ ነው፣ ፎቶ ቤቱ ጓዳ ውስጥ ነበር የምደበቀው። ማን እንደተናገረ ቢደርሱበትስ? ይህን ሁሉ አሰብኩ። ግን "ካፉሪ ናት" ብዬ ብዘጋው ማን ያውቀኝ ነበር? ይህን ለማለት ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? አላልኩም። ሲም ካርዱን አውጥቼ ሰበርኩት።

ከዚያ አጠፋኋት። በጎን ካለው አበባ እየቀዳሁ ፊቷ ላይ ለጠፍኩ። መዳፏ ላይ ለጠፍኩ። ዓይኖቿን የሸፈንኳቸው መጨረሻ ላይ ነው። ሥራውን ደግሞ አሳምሬ ሠራሁት፤ እዚያ ቦታ ሰው ነበረ ብሎ የሚጠረጥር እንዳይኖር አድርጌ። ቀዩን መልሼ ከፍ አደረግኩት። መዳሟ ተደሰተች። ፎቶው ሳሎኗ ተሰቀለ፤ ሠርገኛው ሁሉ አየው። ልጅቷ ከኋላው ክፍል ተቆልፎባት እንደነበረች ነበረች።

ከወር በኋላ አንዲት ሴት የተጨማደደች ትንሽ ፎቶ ይዛ መጣች። ስሟ ሙሉ ነው፤ እዚያው ሳጃና ሻይ ትሸጣለች። ታናሽ እህቷን እናትነሽን አንድ ደላላ ሥራ አስገባታለሁ ብሎ እንደወሰዳት፣ የትኛው ቤት እንደሆነ ሳይናገር እንደጠፋ፣ ከልጅቷም ድምፅ ከሰማች ወራት እንዳለፉ ነገረችኝ። ፎቶውን አሳድጌ እንዳትምላት ለመነችኝ፤ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ልትለጥፈው ነው። ፎቶው ላይ ያለችውን ልጅ የግንባር መስቀል አወቅኩት። የሙሉንም ድምፅ አወቅኩት። ሳልጠይቃት ስለዚያ ስልክ አነሳች። አንድ ቀን የማታውቀው ቁጥር ደውሎ ሳይናገር ዘጋ፤ መልሳ ብትሞክር አይሠራም። እሷ ነበረች፣ ስልኩን ነጥቀዋት ነው፣ እያለች ፊቴ ቆማ አለቀሰች።

ጥሬው ፎቶ ከኋላዬ፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ ነበር። እኔ ምን አደረግኩ? ያመጣችውን ፎቶ አሳድጌ አተምኩና በነፃ ሰጠኋት። መረቀችኝ። ገና ከበሩ ሳትርቅ ተመልሼ ጥሬውን ፎቶ ደመሰስኩት።

አራት ወር አለፈ። አንድ ጠዋት ሁለቱም መጡ። ኤምባሲው አገር ለሚገቡ ለሚሰጠው ወረቀት ጉርድ ፎቶ ፈልገው ነው። እናትነሽ እህቷን ተደግፋ ታነክሳለች። ግራ ዓይኗ ነጭ ሆኗል። ሙሉ ሁሉንም አወራችልኝ። ልጅቷ ሥራው በቃኝ፣ ልሂድ ስላለች ፓስፖርቷን ይዘው ቆልፈውባት ኖሯል። በሩ ሳይዘጋ በቀረበት ቀን አጥር ዘላ ወደቀች፣ ዳሌዋ ተሰበረ፤ የጎረቤት ዘበኛ አንስቶ ሆስፒታል አደረሳት። ዓይኗስ አልኩ። ሁለት ወሩ ነው አለችኝ፤ መዳሟ በቁልፍ ዘለላ መታቻት።

ሁለት ወር! እኔ የደወልኩት ከአምስት ወር በፊት ነው። በፎቶው ላይ ሁለቱም ዓይኖቿ ደህና ነበሩ። ሁለቱንም በእጄ ነው የሸፈንኳቸው።

ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ካሜራውን ሳነሳ ረጅም ጊዜ ተመለከተችኝ።

"አንተ ነህ አይደል? አበባ ልታነሳ የመጣኸው።"

በአዎንታ ራሴን ነቀነቅኩ።

"ያን ቀን መስኮቱ ላይ ነበርኩ። አላየኸኝም?"

"አላየሁሽም" አልኩ።

ወደ እህቷ ዞረች። "ብዬሽ አልነበር? አበባው ሸፍኖኝ ነው። ቢያየኝማ ዝም አይልም ነበር።"

ፎቶውን እንዴት እንዳነሳሁ አላስታውስም። ሙሉ ዓይኗን በኮምፒውተር ማስተካከል እችል እንደሆነ ጠየቀችኝ። እናትነሽ ግን አልፈለገችም። "እንዳለ ይሁን" አለች። "እናቴም የምታገኘኝ እንዲህ ሆኜ ነው።" አመስግነውኝ ወጡ።

ዛሬ እዚያው ካርቱም፣ ካላክላ የሚባል ሰፈር ነው የምኖረው፤ ፎቶ ማንሳቱን ትቼዋለሁ። ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅር ማለት የእሷ ነው፤ እሷ ደግሞ የበደልኳትን አታውቅም። ፈርቶ ነው ብላችሁም አታልፉኝ። እሷም ፈርታ ነበር፤ ከእኔ የበለጠ ፈርታ ነበር፤ ግን እጇን ዘረጋች። እናትነሽ፣ አንድ ቀን ይህን የምታነቢ ከሆነ ስሚኝ፤ አይቼሽ ነበር። አንድም ሳይቀር ቁጥሮቹን አንብቤያቸው ነበር።