ሳይቀመስ የቀረበ ጠላ

ልጅ ሳለሁ ተረት የሰማሁት ሐኪም ቤት ውስጥ ነው ብል የሚያምነኝ የለም፤ የልጅ ልጆቼ እንኳ «ያኔ ደግሞ ሐኪም ቤት ነበር እንዴ?» እያሉ ይስቁብኛል። ነበር እንጂ! ቡሬ፣ ከጣሊያን ምሽግ ወረድ ብሎ፣ አንድ ፈረንጅ በግሉ የከፈተው ሐኪም ቤት ነበር። ሰውየው «እኔ ጣሊያን አይደለሁም» ይላል፤ ከየት እንደመጣ ግን እስከ ዛሬ አላወቅንም። ሕመምተኛው ማር ያለው በማር፣ በግ ያለው በበግ እየከፈለ ይታከማል። ሐኪሙ ቁስል ያጥባል፣ የተሰበረ ያስራል፤ ምግብ የሚያመጣው ግን ቤተ ዘመድ ነው። ጠያቂ የሌለው ሰው እዚያ ከተኛ ጦሙን ማደሩ ነው።

እዚያ የተኛው አያቴ አለነ ነበር፣ የአባቴ አባት። አገራችን ዛሬ ፍኖተ ሰላም ከሚባለው ከተማ ወጣ ብሎ ነው። አባቴ አዳሙ አርበኛ ሆኖ ዱር ከገባ ወዲህ ቤት ብቅ የሚለው አልፎ አልፎ፣ ተደብቆ ነበር። አንድ ቀን ታዲያ እሱ ቤት ባደረበት፣ ገና ጎህ ሳይቀድ፣ ወታደሮች ቤታችንን ከበቡት። እየመራ ያመጣቸው ባሻ ደርበው የሚባል የሽንዲ ባንዳ ነው፤ ስሙን አገሩ ሁሉ ያውቀዋል፣ መልኩን ግን ከእኛ ቤት ያየ አልነበረም። አባቴን ደጃፋችን ላይ ገደሉት። ቤቱን ለኮሱት። አያቴ «ልጄን! ልጄን!» እያለ ሲወጣ የሚነደው የጣሪያ እንጨት ተደርምሶ እግሩን ሰበረው። እናቴ እኔን እየጎተተች በጓሮ አመለጠች።

ከዚያ ወዲያ እናቴ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የደርበውን ደም። ወንድም የላት፣ ወንድ ልጅ አልወለደች፤ የባሏን ደም የምትመልሰው እሷው ነበረች። ጩቤ በመቀነቷ ሸጉጣ ትሄድ ነበር። ሳቅፋት ጉንጬን ይቆረቁረኝ ነበርና ያኔ እናት ሁሉ ጩቤ የምትታጠቅ ይመስለኝ ነበር።

ቡሬ ዘመድ ቤት ተጠግተን አያቴን በየቀኑ እንጠይቀው ነበር። ሕመምተኞቹ የሚተኙት በአንድ ረጅም የሣር ቤት ውስጥ ነው፤ መሐሉ ላይ የከሰል ምድጃ፣ ምሰሶው ላይ ፋኖስ ተንጠልጥሎ፣ የመድኃኒቱ ሽታ ከጭሱ ጋር ተደባልቆ ዓይን ያስለቅስ ነበር። መሸት ሲል አያቴ ትራሱን ደገፍ ብሎ ተረት ይጀምራል። የእሱ ተረት ደግሞ የዋዛ አልነበረም! ጦጣን ሲያወራ ጦጣ ይሆናል፣ ስስታም ሰው ሲያወራ ብርድ ልብሱን የሚነጥቁት ይመስል ወደ ራሱ ይሰበስባል፤ ያኔ ሆዱ የተቀደደውም፣ ዓይኑ የታሰረውም ሕመሙን ረስቶ ይስቃል፣ እኔም ከአልጋው ሥር ጉልበቴን አቅፌ ፍሙን እያየሁ እንቅልፍ እስኪጥለኝ አዳምጣለሁ።

ከሁሉም አብልጦ የሚስቀው አጠገቡ የተኛው ሰውዬ ነበር። ሁለቱም እጆቹ እስከ ክርን ተጠቅልለዋል። ነጋዴ ነኝ፣ ሽፍታ መታኝ ብሎናል። ጠያቂ የሚባል ዝር ብሎበት አያውቅም። እናቴ አንጀቷ አልቻለም፤ ላያቴ የምታመጣውን ዳቦ እየቆረሰች «አይዞህ፣ ወንድሜ» እያለች ታጎርሰው ጀመር። ጠላም ስትሰጠው እንደ ወጉ መጀመሪያ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች፤ ምንም የለበትም፣ እመነኝ ማለት ነው፤ ከዚያ ዋንጫውን ከአፉ ታስጠጋለታለች። እሱም «እጅሽ ይባረክ» ይላታል። እኔም ከአፉ የሚፈሰውን በነጠላዬ ጫፍ እጠርግለት ነበር። ወድጄው ነበር፣ እሳት ይብላኝና!

አንድ ቀን ጠዋት የጣሊያን አስተርጓሚ ገባ። ቤቱን በዓይኑ ቃኘና ወደ ሰውዬው ቀጥ ብሎ፣ «ባሻ ደርበው! እንዴት አደሩ? አለቃው እንዳይዎት ልከውኝ ነው» አለ። እናቴ በዚያች ሰዓት ልታጎርሰው እጇን ዘርግታ ነበር። ጉርሻው እጇ ላይ ቀረ።

ተከትያት ስወጣ ከቤቱ ጀርባ ቁጭ ብላ እጇን በአመድ ስትፈትግ አገኘኋት። «በዚች እጄ! በዚችው እጄ አጉርሼው!» ትላለች፣ ትፈትጋለች፣ ደም እስኪመጣ ትፈትጋለች። አስተርጓሚው እንደሄደ ተነሥታ ገባች፤ እጇ ወደ መቀነቷ ሲሄድ አያቴ ቀሚሷን ጨምድዶ ያዛት።

«ተይ ልጄ» አላት በሹክሹክታ። «እህላችንን በልቷል። ከእጅሽ በበላ ሰው ላይ እጅሽን ብታነሺ እኛም እንደነሱ መሆናችን ነው።»

ይህን ሲል እንባው በጺሙ ላይ ይወርድ ነበር፤ የልጁ ደም ነዋ! ያኔ በእኛ አገር ደመኛ ከደመኛው ጋር አንድ ውኃ አይጠጣም፤ አንዴ አብሮ ከቀመሰ ግን ነገሩ አበቃ፣ አብሮት የቀመሰውን የገደለ ሰው ዕድሜ ልኩን የተናቀ ነው። እናቴ ይህን ታውቃለች። ጩቤውን አውጥታ አያቴ ጭን ላይ ጣለችው።

በማግስቱ እንደ ሁልጊዜው ዳቦና ጠላ ይዘን መጣን። ለአያቴ ጠላውን ቀምሳ አጠጣችው። ከዚያ ዋንጫውን ሞልታ ወደ ደርበው ሄደችና ከአፉ አስጠጋችለት። መዳፏ ላይ ጠብ አላደረገችም። ሰውየው መዳፏን አየ፣ ፊቷን አየ።

«ሳትቀምሺው?» አላት።

«ባሻ፣ ይጠጡ እንጂ» አለችው ቀስ ብላ። «እኔ የአዳሙ ሚስት ነኝ።»

ከንፈሩ ሲነጣ በዓይኔ አይቻለሁ። አልጠጣም። ዳቦውንም አቀረበችለት፣ ጥርሱን ነከሰ። እሷም አልተቆጣችም፤ አቀረቀረች፣ ጠበቀች፣ ሲበቃት ጠላውን ደጅ ደፍታ ዳቦውን ለውሻ ጣለችው። ደርበው አልጋው ላይ ሆኖ ውሻውን ማየት አይችልም ነበርና ሞተ አልሞተ አያውቅም።

በሚቀጥለውም ቀን እንዲሁ። በሚቀጥለውም። ሌሎቹ ጠያቂዎች ማን እንደሆነ ሲሰሙ ፊታቸውን አዞሩበት፤ አስተርጓሚውም አልተመለሰም፣ እጁ የማይተኩስ ባንዳ ለጣሊያን ምን ሊበጀው! የሐኪሙ አሽከር ውኃ ያንጠባጥብለታል፣ ካስታወሰው ቆሎ አፉ ላይ ጣል ያደርግለታል። ደርበው አንድ ቀን «ይህች ሴት ልትገድለኝ ነው!» ብሎ ጮኸ። ሐኪሙ መጣና እናቴን አየ፤ ዳቦ ይዛ ዝም ብላ ቆማለች። በተሰባበረ አማርኛ «ምግብ ነው፣ ብላ» ብሎት ሄደ። እኔ እጄን አፌ ላይ አድርጌ ሳቅሁ።

የሚገርመው ደርበው ተረት መጠየቁን አለመተዉ ነው። አያቴ ከዚያ ወዲህ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ዝም ብሎ ነበር። አንድ ምሽት ግን ደርበው በቀጭን ድምፅ «አባቴ፣ ምነው ተረቱን ተዉት?» ሲለው፣ ዞሮ ተነሥቶ ተቀመጠ። አንድ ቀበሮ ነበር አለ፤ ለነብር የበጎችን በረት እየመራ ያሳይ ነበር፣ ነብሩም አጥንቱን ይተውለት ነበር። በጎቹ ሲያልቁ ነብሩ «እስቲ ደግሞ ያንተን ጉድጓድ አሳየኝ» አለው። ቀበሮው ሸሸ። ከዚያ ወዲያ ቅጠል ኮሽ ባለ ቁጥር ይዘላል፣ ሥጋ ቢያገኝ ያሸተዋል እንጂ አይቀምሰውም። አያቴ እዚህ ላይ አቆመ።

«ከዚያስ ቀበሮው ምን ሆነ?» አለ ደርበው።

«ገና አልሞተም» አለው አያቴ፣ ብርድ ልብሱንም ተከናንቦ ተኛ።

አያቴ በምርኩዝ መቆም ሲጀምር ልንወጣ ሆነ። በመጨረሻው ቀን እናቴ ዋንጫውን ይዛ ወደ ደርበው ሄደች። አጥንቱ ገጥጦ፣ ዓይኑ ጎድጉዶ ነበር። ከአፉ አስጠግታ ቆመች። ብዙ ጠበቀች። በመጨረሻ «እግዚኦ» አለና ዓይኑን ጨፍኖ ጠጣ፣ ግማሹን ጨለጠው፣ ከዚያም ጣዕረ ሞቱን ይጠብቅ ጀመር። እናቴ ከቀረው መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰች። ከዚያ ዋንጫውን አንሥታ ጥርግ አድርጋ ጠጣችው።

«ምንም አልነበረበትም?» አለ፣ እንባው እየወረደ። «ታዲያ ይህን ሁሉ ቀን ለምን እንዲህ አደረግሽኝ?»

«አዳሙ የሞተው አንዴ ነው» አለችው። ነጠላዋን አጣፍታ አያቴን ደግፋ ወጣች።

ሰዎች ይህን ስነግራቸው «እናትሽ ማረችው» ይላሉ። ኤዲያ! ምሕረትማ እንዲያ አይደለም። እኔ ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነበር፤ ዛሬም ሳስበው ደስ ይለኛል፣ አልዋሽም። ጣሊያን ሲወጣ ደርበውን የነካው አልነበረም፤ እንዲያውም ሹመት አገኘ፣ መሬት አገኘ፣ እኛ በተቃጠለ ቤታችን ላይ ሣር ስንከድን እሱ በቅሎ ላይ ተቀምጦ አገር ይዳኝ ነበር። ሽንዲ ተድሬ ሄጄ አንድ ሰርግ ላይ አየሁት። ከክቡራን መሐል ተቀምጧል። አስተናጋጇ ጠላውን ቀምሳ ሰጠችው፤ ድገሚ አላት፣ ደገመችለት። ሰርጉ እስኪበተን ዓይኔን ከዋንጫው አልነቀልኩም። እንደሞላ ነበር።

ሄጄ ለእናቴ ስነግራት ምስር እየለቀመች ነበር። ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። «ዕድሜውን ያርዝመው» አለች።

ያያቴ ተረቶች ዛሬ ለልጅ ልጆቼ ስነግራቸው መሐላቸው ይጠፋብኛል፤ ያ ጭስ፣ ያ ፋኖስ፣ ያ ሁሉ ሳቅ ከልቤ እየራቀ ነው። የእናቴ ምርቃት ግን አንድም ቀን አልተረሳኝም። ቄሱ ሲያናዝዙኝ «ይቅር በዪ» ይሉኛል፣ እሺ እላለሁ፣ ቤቴ ገብቼም ዕድሜውን ያርዝመው እላለሁ። ደርበው ሞተ ብለው የነገሩኝ ዕለት አለቀስኩ። ያየኝ ሁሉ «ይኸው ይቅር አለችው» አለ። እኔ ያለቀስኩት ጥቂት ዓመት ሳይጨመርለት ቀረ ብዬ ነው።