ሳፋ ላይ የደረቀ ጄሶ

ረቡዕ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ከሚሴ። የእኛን የእስር ክፍል ከጎረቤት ክፍል የሚያገናኘው የግድግዳ ቀዳዳ እንዲደፈን ታዘዘ።

ቀዳዳው የድሮ ቧንቧ የወጣበት ነው፤ ቡጢ ያስገባል። ጨፋ ሮቢት ለዘገባ ወጥቼ ተይዤ ወደዚያ ክፍል ስገባ መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነበር፤ እስረኞቹ ጆሯቸውን በተራ ይለጥፉበታል። ያን ቀን ግን ተራ የጠየቀ የለም። ጠዋቱን ሙሉ አብሮን ለታሰረው ጄሶ ሠሪ ተዉለት። ታናሽ ወንድሙ ከግድግዳው ወዲያ ነው። ሌሊት ለምርመራ ወስደውት ንጋት ላይ እየጎተቱ መልሰውታል፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም።

ሳጅኑ የተጋመሰ የጄሶ ከረጢት፣ ውሃ፣ ሳፋና ማለስለሻ ላሜራ አስገብቶ በሩ ላይ ተቀመጠ።

"አንተ፣ ሙያህ ነው አሉ። ድፈነው።"

ሳፋውን እኔ ያዝኩ። ሠሪው በጠበጠ። ከዚያ የቀዳዳውን ፍርፋሪ የሚጠርግ መስሎ ፊቱን አስጠጋና በሹክሹክታ "ጂርታ?" አለ። በኦሮምኛ አለህ ወይ ማለቱ ነው። ደግሞ ጠራ። ሳፋው እጄ ላይ መሞቅ ጀመረ፤ ጄሶ ሲጠጥር ይሞቃል። ላሜራውን ሲሰካበት ጠጥሯል።

"ደረቀብኝ፣ ሳጅን።"

"ገንፎ እንኳ እንዲህ አይቸኩልም!" ሳጅኑ ሳቀ። "የከሚሴን ኮርኒስ ሁሉ የሠራሁ እኔ ነኝ ስትል አልነበር?"

"እጄ ከዳኝ።"

ሁለተኛውም ደረቀ። ሳጅኑ መሳቁን ተወ። ተነስቶ ከረጢቱን አራገፈው።

"የቀረችው ይቺ ናት። ይቺም ከደረቀች ቀዳዳውን በራስህ ጭንቅላት ነው የምደፍነው።"

ሠሪው የመጨረሻውን በጠበጠ። "ቢስሚላሂ" ብሎ ጎንበስ አለ። "ጂርታ?" ሳፋው ለብ አለ። ላሜራውን አላነሳም። "ጂርታ?" ሳፋው ሞቀ። ሳጅኑ ወደ እኛ መራመድ ሲጀምር፣ ቀዳዳው አጠገብ ነበርኩና፣ እኔም ሰማሁት። መጀመሪያ ሳል፤ ቀጥሎ ቀጭን ድምፅ።

"ጂራ።"

አለሁ።

ላሜራው ወዲያና ወዲህ አለ፤ ቀዳዳው ጠፋ። ሳጅኑ መዳፉን አሳለፈበት፤ ልሙጥ ነበር።

"ይሄ እጅ እስካሁን የት ነበር?"

"አልሐምዱሊላህ፣ ተመለሰልኝ።"

ወንድምየው በማግስቱ ወደ ሌላ ቦታ ተወሰደ ተባለ። ወዴት እንደሆነ ጠይቄ መልስ ያገኘሁበት ቢሮ የለም። ሁለታችንም ተፈታን፤ ሠሪው ሥራው ላይ ነው። ከሚሴ በሄድኩ ቁጥር ነጭ በነጭ ሆኖ ከመሰላሉ ይወርድና፣ ሌላ ወሬ ሳያነሳ ይጠይቀኛል።

"አንተም ሰምተኸዋል፣ አይደል?"

"ሰምቼዋለሁ።"

ረቡዕ፣ ከአስር ሰዓት በፊት፣ ወንድሙ በሕይወት ነበር።